የአባቷ ቢሮ

«ቢሮ ረፈደብኝ» አሉ አቶ ወዳጆ በርኖሳቸውን ትከሻቸው ላይ እያደላደሉ፤ በግራ እጃቸው የሟች ባለቤታቸውን በርጩማ አንጠልጥለዋል። ልጃቸው ትሕትና ገና ከሱፍ ዝተቱ ውስጥ አልወጣችም። ትናንት አመሻሽ ላይ ከአዲስ አበባ ያመጣት አውቶቡስ አጥንቷን አላልቶት ስለነበር ቀና ለማለት እንኳ ሰንፋለች። መጀመሪያ ሕልም መሰላት። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገብስ ያረሱ፣ በግ ያረቡ፣ ቢሮ የሚባል ነገር ደጃፍ ግብር ለመክፈል ብቻ የሚደርሱ፣ እሱንም ቶሎ ጨርሰው የሚሸሹ ሰው ናቸው። አሁን ግን ፊታቸውን በዚያ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭ ውኃ ታጥበው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የደመወዝ ሠራተኛ ይመስል ቸኩለዋል። «የት ነው የሚሄዱት አባዬ?» አለቻቸው። «ቢሮ ነዋ! ከረፈደ ቦታ አይገኝም» አሉና በሩን ከፍተው ወጡ። በሳቸው ምትክ ብርዱ ገባ።

በሩ ከተዘጋ በኋላም ልቧ አልተመለሰም። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚጀምረው ሲባል ሰምታለች፤ ዛሬ ያልሆነ ቦታ እሄዳለሁ ይላል፣ ነገ የገዛ ልጁን «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» ይላል። የሞተች ሚስቱን በርጩማ ይዞ ቢሮ የሚገባ ሰው ደህና ነው ለማለት ያስቸግራል። ማታ ልብ ብላ አይታቸው ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ታስተውል ነበር ይሆናል፤ ግን ማታ ምን ተባባሉና? «በግ እንዴት ነው ዘንድሮ?» ብላ ጠየቀች። «ተወዷል» አሉ። «ገብሱስ?» «ውርጭ መታው።» ከዚያ እሳቸው እሳቱን አዩ፣ እሷም እሳቱን አየች። እናቷ ጥሩሸዋ በሕይወት ሳለች የሁለቱን ወሬ የምታመላልሰው እሷ ነበረች፤ «አባትሽ እንዲህ ይልሻል»፣ «ልጅህ እንዲህ ትልሃለች» እያለች። እሷ ስትሞት አባትና ልጅ በቀጥታ እንዴት እንደሚነጋገሩ ሳይለምዱ ቀሩ። ስልክ ሲደዋወሉም «ደህና ነሽ?»፣ «ደህና ነኝ፤ እርስዎስ?»፣ «ይመስገን» ተባብለው ያልቃል፤ ቀሪው ካርድ ሳይነካ ይቀራል።

ለባብሳ ስትወጣ ደጁ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ቤቱን በድንጋይ የሠሩት አያቷ ናቸው፤ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል፣ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል። ድሮ ከጎኑ በረት ነበረው። ቤቱና በረቱ ተጋጥመው ጥግ ይሠሩ ነበር፤ የምሥራቁ ንፋስ ከበረቱ ጋር ተላትሞ ይመለስ ነበር፣ ፀሐይዋ ደግሞ ከረፋድ ጀምራ እዚያ ጥግ ውስጥ ትተኛ ነበር። እናቷ የብርዱን ወራት የምታሳልፈው በርጩማዋን እዚያ አድርጋ፣ ሱፍ እየፈተለች፣ ምስር እየለቀመች፣ ጎረቤት እያማች ነበር። ስትታመም ከብቱ ለሕክምና ተሸጠ። ከብት የሌለበትን በረት ደግሞ ማን ይጠግነዋል? ጣሪያው ወደቀ፣ ድንጋዩም እየተነሳ ለሌላ ካብ ሄደ። አሁን ንፋሱ ያለ ከልካይ ይገባል። ትሕትና ጥጉ የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆመች። ፀሐይ አለ፣ ሙቀት ግን የለም። የጃኬቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ዘግታ ወደ ከተማው ወረደች።

ያመጣት ሥራ ነው። ቀየት ከምትባለው ቦታ አለፍ ብላ ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ አምና የተመረቀውን ባለ ሦስት ፎቅ መሥሪያ ቤት የነደፈችው እሷ ናት። ሕንፃው አንድ ዓመት ከሰነበተ በኋላ ነዳፊው ተመልሶ ያየዋል፤ የተሰነጠቀ እንዳለ፣ የሚያፈስ እንዳለ፣ በወረቀት እንደታሰበው መሥራት አለመሥራቱንም። ወጣትነቷን የጨረሰችው አዲስ አበባ ተቀምጣ መስታወት በመስታወት የሆኑ ፎቆች ስትስል ነው፤ ቀን በፀሐይ የሚጋገሩ፣ ከዚያ ለማቀዝቀዝ መብራት ሲበሉ የሚውሉ ፎቆች። ይሄን ሥራ ግን አለቆቿን ለምና ነው የወሰደችው። «ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ ነው፣ ምን ያደርግልሻል?» ቢሏትም ምክንያቷን አልነገረቻቸውም። እናቷ ስለ አንዲት የመሬት ድንበር ጉዳይ «ነገ ተመለሺ» እየተባለች፣ ፀሐይ ዞር ብላ በማታየው የአሮጌው መሥሪያ ቤት ኮሪደር ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ነው ብርድ ደረቷ የገባው። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ። ትሕትና ግን ኮሪደሩ ነው ትላለች፤ ለማንም ተናግራው ባታውቅም።

ስለዚህ አዲሱን ሕንፃ ስትነድፍ የጀመረችው ከባለጉዳይ ማረፊያው ነበር፤ ሌላው ሁሉ በኋላ በዙሪያው የመጣ ነው። ማረፊያውን ምድር ቤት ላይ ወደ ደቡብ አዙራ አስቀመጠችው። በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ በሰፊው መስኮት ገብታ ጥቁሩን የድንጋይ ወለል ስታሞቅ ትውላለች፤ ድንጋዩም ቀን የጠጣውን ሙቀት እስከ ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። በምሥራቅ በኩል የሕንፃው ክንፍ ወጣ ብሎ ንፋሱን ያግዳል። ብርዱ በሚበረታበት በሰሜን በኩል ሰው የማይቀመጥባቸውን መጋዘኖች ደረደረች፤ ሌላውን ክፍል እንደ በርኖስ ከጀርባው እንዲሸፍኑት። መግቢያው ላይ ደግሞ ንፋስ ሰውን ተከትሎ እንዳይገባ በር ከበር ኋላ አደረገች። ማሞቂያ የሚባል ነገር አላስፈለገም። ፕላኑ ሲገመገም ስለ ኃይል ቁጠባና ስለ ተጠቃሚ ምቾት ቁጥር እየጠራች አስረዳች፤ አጨበጨቡላት። እናቴን ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነው ብትል ኖሮ ማን ሥራውን ይሰጣት ነበር?

ሕንፃው ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ዓይኗ የገባው ድንጋይ ነው። የውስጠኛው በር እንዳይዘጋ ትልቅ ድንጋይ ተደግፎበታል፤ የውጭኛው ደግሞ ከግድግዳው ጋር በገመድ ታስሯል። ጥበቃውን ብትጠይቀው «እንግዳ ሁለት ጊዜ በር መክፈት የለበትም ተብሎ ነው፤ ነውር ነው» አላት። ንፋሱ ታዲያ እንደ ባለሥልጣን ሰተት ብሎ ገብቶ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ይጎበኛል። ባለጉዳዮች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ግድግዳውን ተደግፈው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ደረቅ ሳል ያስላቸዋል። ትሕትና ያን ሳል ታውቀዋለች። ፊቷን አዙራ አለፈች።

ወደ ሰሜን ሄደች። መጋዘን ይሆናል ብላ የሳለችው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዎች ተጠጋግተው ገብተው መላወሻ አሳጥተዋል። የምሥራች የምትባል ሠራተኛ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አጥልቃ፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርባ ኮምፒውተር ትነካካለች። እግሯ ስር ሽቦው የቀላ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ፤ የተሰካበት ሶኬት ቀልጦ ጠቁሯል።

«ኢንጂነሯ እርስዎ ነዎት?» አለች የምሥራች ብድግ ብላ። «መስኮት የረሱብን?»

«ይሄ እኮ መጋዘን ነበር።»

«እኛስ ዕቃ አይደለን!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ክፋት አልነበረውም። ምድጃው ከበዛ ቆጣሪው እንደሚጥል፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ የሕንፃው ሥራ ሁሉ እንደሚቆም፣ ስለዚህ በተራ እንደሚሞቁ አጫወተቻት፤ ጠዋት የዚህ ክፍል፣ ከሰዓት የቀጣዩ። ምድጃውን ከደመወዛቸው አዋጥተው ነው የገዙት። ፀሐይ ያለባቸውን ክፍሎች ኃላፊዎቹ ወስደዋቸዋል፤ «ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሁልጊዜ ስብሰባ ናቸው፤ ክፍሎቹ ተቆልፈው ብቻቸውን ሲሞቁ ይውላሉ» አለች።

«ባለጉዳይ ማረፊያውስ?»

የምሥራች እጇን ምድጃው ላይ እንደዘረጋች ዞራ አየቻት። «የቱ ማረፊያ?»

ማረፊያው በር ላይ «የጽሕፈት ቤት ኃላፊ» የሚል ወርቃማ ጽሑፍ ተለጥፏል። በሩን የከፈቱላት ኃላፊው አቶ በኃይሉ ራሳቸው ናቸው። ወፈር ያሉ፣ ሳቂታ፣ ሰው ማክበር የሚያውቁ፣ ክፉ ናቸው ብለው ቢያሟቸው የሚያስኮንኑ ሰው ናቸው። «ይግቡ ይግቡ ኢንጂነር! ቤትዎ አይደል?» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት። ትሕትና ገባችና ዓይኗ እስኪለምድ ቆመች፤ ክፍሉ ጨለማ ነው። ያን ሰፊ መስኮት ከጣሪያ እስከ መሬት ቀይ የከፋይ መጋረጃ ሸፍኖታል። ጥቁሩን ድንጋይ ወፍራም ምንጣፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለብሶበታል። ውጭ ፀሐይዋ እንደዚያ ወጥታ ሳለ እዚህ መብራቱ ሁሉ በርቷል፤ ጠረጴዛው ስር ደግሞ የየምሥራችን የመሰለ፣ ግን በጣም የሚበልጥ ምድጃ ፊቱ ቀልቶ ይነድዳል። የቆዳ ሶፋው ብቻ ሰላሳ ባለጉዳይ የሚይዝ ቦታ ወስዷል።

«መጋረጃው ለምን ተዘጋ?» አለች።

«ፀሐይዋ አስቸገረችና! ሶፋውን አነጣችው። ቴሌቪዥኑም አልታይ አለ።» እንደ ትልቅ ብልሃት ነበር የነገሯት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ዘረጉ። የመኪና መጠለያ ነው፤ በብረት ምሰሶ የቆመ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ የደቡቡን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትሎ የሚሄድ። «መኪኖቹ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አሉን። ውርጩ ባትሪ ጨረሰ። በአገሩ ሁሉ ሞቅ ያለ ቦታ ስንፈልግ ለካ እዚሁ አፍንጫችን ስር ኖሯል! ያሳዩን ሽማግሌዎቹ ናቸው። በየጠዋቱ እዚህ ግድግዳ ስር ሲሰበሰቡ ምን አግኝተው ነው ብለን ወጥተን ብናየው፣ ግድግዳው እንደ ምድጃ ይሞቃል፤ ንፋስም የለ። ሕንፃውን ስለሚነካ የነዳፊው ፊርማ ያስፈልጋል ስለተባልን ነው እንጂ ጉድጓዱስ ተቆፍሮ አልቋል።»

«የትኞቹ ሽማግሌዎች?»

አቶ በኃይሉ በአገጫቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። በዚህ መሐል ስልካቸው ጮኸና ወደ ጥግ ሄደው ማውራት ጀመሩ። ትሕትና የመጋረጃውን ጠርዝ ይዛ ትንሽ ገለጥ አደረገችው። ብርሃኑ ፊቷን መታት። ሲጠራላት ከመስኮቱ ግርጌ የሰዎች ጀርባ ተደርድሮ አየች፤ ነጠላ የተከናነበ፣ ጋቢ የደረበ፣ እና አንድ የምታውቀው ቡናማ ባርኔጣ። አባቷ በእናቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተዋል። እጇን ብትዘረጋ ከመስታወቱ በቀር የሚለያቸው የለም። አእምሯቸው ሄደ ብላ ስትሰጋላቸው የነበሩት ሰው እነሆ በሰዓታቸው ቢሮ ገብተዋል።

ለአየር ብላ ከታች ያስገባቻት ትንሿ መስኮት ገርበብ ብላ ስለነበር ወሬያቸው ይሰማል። «ወዳጆ፣ ዛሬ አርፍደሃል፤ ከደመወዝህ ይቆረጣል» እያለ አንዱ ያሾፍባቸዋል።

«ልጄ መጥታ እኮ ነው።»

«ታዲያ ምን ይዛልህ መጣች?»

«ዝምታዋን ይዛ መጣች። የኔ ልጅ አይደለች?» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባቷ ግን አልሳቁም፤ በበትራቸው የሕንፃውን ክንፍ ጠቆሙ። «ያንን እንደ በረቱ ቁጠሪው። ይሄን እንደ ቤቱ ቁጠሪው» አሉ፤ ሟች ሚስታቸው አጠገባቸው ያለች ይመስል፤ ከዚያ ወደ ጓደኞቻቸው ተመለሱ። «የኔ ቤት ጥግ ነው ይሄ። ጥሩሸዋ ትቀመጥበት የነበረው። ልጅት ለእናቷ ብላ ነው የሠራችው። አልነገረችኝም፤ መናገር የት ታውቅና። እኔም አልጠየቅኋት። በርጩማውን ይዤ የምመጣው ቦታው ያለ ሰው እንዳይቀር ብዬ ነው።»

ትሕትና መጋረጃውን ለቀቀችው። በዚያ ሁሉ ስብሰባ፣ በዚያ ሁሉ ግምገማ ማንም ያልጠየቃትን፣ ለማንም ያልተናገረችውን ነገር አባቷ አንድ ዓመት ሙሉ ያውቁት ኖሯል። ማታ እሳቱን እያዩ ሲቀመጡም ያውቁት ነበር። ማልቀስ አማራት፤ እዚህ የኃላፊ ሶፋ ፊት ማልቀስ ደግሞ አሳፈራት። አቶ በኃይሉ ስልካቸውን እስኪዘጉ ጠበቀች።

«ይሄን መፈረም አልችልም» አለች። «መጠለያው ከተሠራ ፀሐይ ለዚህ ክፍል አይደርስም፤ ግድግዳውም ይቀዘቅዛል። ሕንፃው የሚሞቀው በዚህ ነው።»

«ፀሐይ እንደሆነች አገር ሙሉ ናት፣ ኢንጂነር።»

«መኪኖቹን በሰሜን በኩል ያድርጓቸው።»

«በሰሜን በኩልማ ብርድ ነው!»

«የምሥራች እኮ በሰሜን በኩል ናት።»

አቶ በኃይሉ አልተቆጡም፤ እንዲያውም ወንበራቸውን አስጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ክፍሉ አንጀትዎን እንደበላው አይቻለሁ። እርስዎ መጠለያውን ይፈርሙልን፤ እኔ ይሄን ክፍል ለባለጉዳይ እለቃለሁ። ላይኛው ፎቅ እወጣለሁ። ቃሌ ነው። ፀሐይ ከቀረባቸው ምድጃ እናስገባላቸዋለን። ለከርሞ የምንሠራው አዳራሽም አለ፤ እርስዎን ትተን ወደ ማን እንሄዳለን? እምቢ ካሉ ግን የሚፈርም መሐንዲስ አይጠፋም፤ እኔም ከቢሮዬ አልነሳም።» ስልካቸው እንደገና ጮኸ። ስብሰባ ነው። ኮታቸውን እያነሱ «ሻይ ያመጡልዎታል፤ እስክመለስ አስቡበት» ብለው በሩን ክፍት ትተውላት ወጡ።

ትሕትና ብቻዋን ቀረች። ነገሩን ሲያዩት ቀላል አልነበረም። ካልፈረመች መጠለያው በሌላ ሰው ፊርማ ይቆማል፣ ክፍሉም እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ምንም አላተረፈችም። ከፈረመች ቢያንስ እኒያ የሚያስሉት አሮጊት ከሲሚንቶው ይነሳሉ፤ ከንፋሱ ይገላገላሉ። ፀሐይ የሌለበት ማረፊያ ከኮሪደር አይሻልም? ለእናቷ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? የምታማክረው ሰው ፈለገች፤ አዲስ አበባ ካሉት ባልደረቦቿ አንዱም ትዝ አላላትም። ቀና ስትል ከመጋረጃው ጀርባ ያሉት አባቷ ታሰቧት። ወጣች።

ሽማግሌዎቹ ለምሳ ወደየቤታቸው ተበታትነዋል። አቶ ወዳጆ ብቻ ቀርተዋል፤ ቤት ቢሄዱ የሚጠብቃቸው የለም። ልጃቸውን ሲያዩ እንደ ማፈር ብለው ከበርጩማው ሊነሱ ቃጡ። ፊት ለፊታቸው የምሰሶዎቹ ጉድጓዶች አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል።

«ይምጡ አባዬ፤ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለቻቸው።

«ጥበቃው ጉዳይ የሌለው አይገባም ይላል።»

«ከኔ ጋር ነዎት።»

አባቷ ኃላፊው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጫማቸውን ደግመው ደጋግመው ጠረጉ። ምንጣፉን ሲያዩ እግራቸውን አነሱና መልሰው ኮሪደሩ ላይ አሳረፉት። ትሕትና ምድጃውን ነቀለች፣ መብራቱን አጠፋች፣ መጋረጃውን ወደ ሁለት ጎን ጎትታ ከፈተችው፤ ምንጣፉንም ከመስኮቱ በኩል ይዛ እስከ ክፍሉ እኩሌታ ጠቀለለችው። ፀሐይዋ ገባች። ልክ በወረቀት ላይ እንደሳለቻት፣ በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ስፋት ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተዘረጋች። ትሕትና ሥራዋን ሠርቶ ስታየው ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። «እዚህ ይቀመጡ፤ ሶፋው ላይ» አለች። አባቷ ሶፋውን በሩቁ አዩትና በርጩማቸውን በሩ አጠገብ አስቀምጠው ተቀመጡ። እያባበለች ፀሐይዋ መሐል አስጠጋቻቸው።

ክፍሉ ቶሎ ሞቀ። ደህና ብርሃን፣ ንጹሕ አየር፣ ንፋስ የለ፣ ጭስ የለ፤ ትሕትና በትምህርት ቤት ምቾት ብለው ያስተማሯት ነገር አንድም አልጎደለም። አባቷ ግን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ዓይናቸውን ባዶው የኃላፊ ወንበር ላይ ተክለው ተቀምጠዋል። በኮሪደሩ የሰው ኮቴ ሲሰማ ከበርጩማው እኩል ይነሳሉ፤ ኮቴው ሲያልፍ መልሰው ይቀመጣሉ። እንደገና ኮቴ፤ እንደገና ብድግ።

«ኃላፊው መቼ ይመለሳል ተባለ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ማንንም አንጠብቅም አባዬ። እንዲሁ ይሙቁ።»

«እሺ» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ በሩን አዩ። «ጥሩ ቤት ነው። ግን እናትሽም ብትኖር እዚህ አትቀመጥም ነበር። ተነሺ የሚላት እስኪመጣ ስትሳቀቅ ነው የምትውለው።» ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ውጭ ይሻለናል፤ ውጭ ማንም ተነስ አይለንም።»

ትሕትና ተከትላቸው ልትወጣ ስትል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየችው። እስክሪብቶውን አንስታ በመጠለያው ሥዕል ላይ «አልስማማም» ብላ ጻፈች፣ ስሟንም በሙሉ ከስሩ አኖረች። አዳራሹ ሄደ ማለት ነው። ክፍሉም ሄደ። መጋረጃውን ግን አልዘጋችውም። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ እኒያ የሚያስሉት አሮጊት አሁንም ሲሚንቶው ላይ ናቸው። ጎንበስ ብላ ክንዳቸውን ያዘች። «እናቴ፣ እዚያ ይግቡ፤ ፀሐይ አለ።»

«ተጠራሁ እንዴ?» አሉ አሮጊቷ ግድግዳውን ይዘው እየተነሱ።

«አዎ፣ ተጠርተዋል» አለች ትሕትና። ሌሎቹም ባለጉዳዮች ቀና ቀና ብለው አዩአት። ኃላፊው ተመልሰው እስኪያስወጧቸው ድረስ ይሞቃሉ። ከዚያ በላይ በእጇ የቀረ ነገር አልነበረም።

ውጭ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች። አቶ ወዳጆ ከጉድጓዱ አፈር ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥተው ግድግዳው ስር አደረጉና እሱ ላይ ተቀመጡ። በርጩማውን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ልጃቸው ገፉት። «ተቀመጪ» አሉ። ትሕትና እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ተቀመጠች። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ስታሳርፍ ሙቀቱ በጃኬቷ አልፎ ትከሻዋ መሐል ገባ። ንፋሱ ከክንፉ ወዲያ ይጮኻል፤ እነሱ ጋ አይደርስም።

«ለእናትሽ ነው አይደል?» አሉ አባቷ ጉድጓዶቹን እያዩ።

«አዎ።»

«አውቄዋለሁ።»

ከዚህ በላይ ብዙ ማለት ትችል ነበር። ኮሪደሩን፣ ሳሉን፣ ደብዳቤ ሳትጽፍ ስልክ ሳትደውል ያሳለፈቻቸውን ወራት። አባቷም የሚሉት ነገር ያላቸው ይመስል ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ግን ሁለቱም እሱን ሥራ ለጥሩሸዋ ትተውት ኖረዋል፤ ዛሬ በድንገት አይመጣም።

«አልፈረምኩላቸውም» አለች።

«ሌላ ይፈርማል።»

«ይፈርማል።»

«መኪናሽስ መቼ ነው?»

«ነገ ሳይነጋ ነው።»

«እንግዲያ እኔ ቢሮ ሳልገባ ነዋ የምትሄጂው» አሉ አቶ ወዳጆ። ትሕትና ጉድጓዶቹን አየች። አንዱ ጉድጓድ ልክ ከበርጩማው እግር አጠገብ ነው፤ ምሰሶው ሲቆም እዚያ ማንም ሊቀመጥ አይችልም።

«ሲተክሉትስ የት ሊውሉ ነው አባዬ?»

አባቷ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ዓይናቸውን ከፀሐይዋ ከለሉ።

«ያን ጊዜማ ጡረታ እወጣለኋ» አሉ።

ብቻቸውን ትንሽ ሳቁ። አባትና ልጅ ግድግዳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከዚያ አልተነሱም።